አሻ የኳለቻት ሙሽራ

ከከሚሴ እስከ ሰንበቴ ሴት ልጁን የሚድር ሰው ዳስ ከመጣሉ በፊት የሚያስበው አሻን ነበር። ሹሩባውን ሌላ ሊሠራው ይችላል፤ እንሶስላውንም ጎረቤት ያስረዋል። ኩሉን ግን ከአሻ በቀር የሚነካው አልነበረም። ቀጭኗን መኳያ ከብልቃጡ አውጥታ ትንፋሿን ውጣ ስትስበው፣ መስመሩ የፀጉር ያህል አይዛነፍም። ይህንንም ከማንም በላይ የምታውቀው ራሷ አሻ ነበረች። መልኳን ትወድ ነበር፤ ምን ይደበቃል! ባሏ ከሞተ በኋላ እንኳ ሐዘኑ ካለፈ ወዲህ ሳትኳል ከደጅ ወጥታ አታውቅም።

አርባ ዓመት ሲጠጋት ከዓይኖቿ ሥር ያለው ቆዳ እየላላ ከረጢት ሠራ። መጀመሪያ ናቀችው። አንድ ቀን ግን ጨፋ ላይ አንድ ሠርግ ቤት ውስጥ የሙሽራዋ እናት፣ «ምነው አሻ፣ አልተኛሽም እንዴ?» አለቻት። ሴትየዋ ክፋት አልነበረባትም። አሻ ግን ያን ቀን እህል አልቀመሰችም፤ በሳምንቱም ወጌሻው ዑመር ዘንድ ሄደች።

ዑመር እጁ የታወቀ ሰው ነው። ስብራት ያቃናል፣ እንጥል ይቆርጣል፣ የሚያመውን ዓይን ዳር ዳሩን ይበጣል።

«ለመልክ ብዬ ግን ምላጭ አንስቼ አላውቅም» አላት።

«እንግዲያው ከእኔ ጀምር፣ አያ ዑመር» አለችው።

ሰሌን ላይ በጀርባዋ አስተኛት። ስህተቱ እዚህ ላይ ነበር። የተጋደመ ሰው ጉንጭ አይከብድም፤ ስለዚህ ከዓይን ሥር ያለው ቆዳ ሁሉ ትርፍ ይመስላል። ሰውየው ሲነሣ ግን ጉንጩ ወደ ታች ይስባል፤ ያ ቆዳ ያስፈልገዋል። ዑመር ይህን አላሰበም። በጣቱ ቆንጥጦ የያዘውን ያህል ቆረጠ፣ ማር ቀባ፣ አሰረው።

ቁስሉ ሲደርቅ ጠባሳው ተኮማተረ። የታችኞቹን የዓይን ቆቦች ወደ ጉንጯ ጎትቶ ወደ ውጭ ገለበጣቸው፤ የውስጡ ቀይ ሥጋ ለፀሐይና ለአቧራ ተሰጣ። እንባዋ መቆሚያ አጥቶ ሳታለቅስ ይወርዳል። ስትተኛም ዓይኗ አይከደንም። ዑመር አይቷት በሁለት እጁ ራሱን ያዘ።

«ወላሂ፣ ምላጩን ሳላነሣው እጄ በተሰበረ!» አለ።

አሻ አልሰደበችውም። ጠይቃ ያስቆረጠች እሷው ናት፤ ማንን ትስደብ?

የሙሽራ እናቶች መምጣት አቆሙ። ሙሽራ ስትኳል እንባ ከወደቀባት ትዳሯ ለቅሶ ይሆናል ይባላል፤ የአሻ ዓይን ደግሞ ያለ እንባ አይውልም። እሷም ቻለችው። እቤቷ ተቀምጣ ሰፌድ ሰፋች። ያልቻለችው በ1955 ጥቅምት የመጣውን ነው። አንድ ልጇ ኡሚ ታጨች፤ ሠርጉም ጥር ላይ፣ ከረመዳን በፊት በሻዕባን ሊሆን ተቆረጠ። የሙሽራው አክስት ዘምዘም ደስታዋን ለመግለጽ መጣች፤ ተመራርቀው፣ ተሳስቀው ሲያበቁ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አሻ እህቴ፣ አትቀየሚኝ። ኩሉን ለሌላ ሰው ስጪው። እንባ የሚወርደው ዓይን ልጃችን ላይ አይጎንበስ።»

ሃያ ዓመት የሰው ልጅ ኩላ የራሷን ልጅ በመጋረጃ ቀዳዳ ልታይ! አሻ ተናደደች፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን እፍረቱ አቃጠላት። ታኅሣሥ እንደገባ የደሴን መኪና ያዘች። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወጡ አቧራው በተከፈተው ዓይኗ ገባ፤ ደሴ የደረሰችው ቀኝ ዓይኗን በእጇ ሸፍና ነው።

የሆስፒታሉ ሐኪም ፈረንጅ ነበር። ኪዳኔ የሚባል ቁስል የሚያሽግ ድሬሰር ያስተረጉማል። ሐኪሙ በብርሃን ሲያያት ቆይቶ አንድ ነገር ተናገረ፤ የኪዳኔ ፊት ጠቆረ።

«የቀኝ ዓይንዎ ብሌን እየደረቀ ነው። ከቆየ ይጠፋል ይላል። ከጆሮዎ ጀርባ ቆዳ ወስዶ የጎደለው ላይ ይለጥፋል፤ እስኪይዝም ቆቦቹን እርስ በርስ ሰፍቶ ይዘጋዋል። ግራውን ከሁለት ወር በኋላ።»

«የልጄ ሠርግ በጥር ነው» አለች።

«ለሠርጉ የቀኝ ዓይንዎ እንደ ተዘጋ ነው፤ ግራዎ ያለቅሳል። ሠርጉን ከሚያስቡ ዓይንዎን ያስቡ።»

እንደገና ምላጭ!  የዑመርንም ምላጭ አምና ነበር የተኛችለት። ተነሥታ እስከ በሩ ሄደች። ከዚያ ግን ዓይኗ ከጠፋ ኡሚን በመጋረጃ ቀዳዳ እንኳ እንደማታያት አሰበችና ተመለሰች።

መርፌው ሕመሙን እንጂ ድምፁን አላደነዘዘውም። መቀሱ ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማች፤ ክሩ በቆቧ ውስጥ ሲያልፍ ተሰማት። «እንዳይነቃነቁ» ይላል ኪዳኔ። ይህንኑ ቃል እሷ ስንቷን ሙሽራ ብላለች! የአልጋውን ብረት ጨብጣ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያለች ጨረሰችው። በስድስተኛው ቀን ፋሻው ተፈታ። ቆዳው ከጠቆረ ሞቷል፣ ከቀላ ይዟል ተብላለች። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ቆዳውን መረመረ። አሻ መታገሥ አቃታት።

«ምን ይላል? አንተ ሰው፣ ንገረኝ እንጂ!»

«ቀልቷል» አለ ኪዳኔ። «ደም ገብቶበታል።»

ሠርጉ ደረሰ። አሻ ቀኝ ዓይኗ እንደ ተሰፋ በፋሻ ታስሮ፣ ግራው እያነባ፣ ብልቃጧን ይዛ ኡሚ ወደ ተቀመጠችበት ክፍል ልትገባ ስትል ዘምዘም በሩ ላይ ቆመች።

«ተነጋግረን አልነበር?»

«ተነጋግረናል። እንባ የሚወርደው ዓይን አይጎንበስባት ነው ያልሽው» አለች አሻ። ሻሿን ከራሷ አውልቃ ግራ ዓይኗን ሁለት ዙር ጠምጥማ አሰረችው። «ይኸው። አሁን ከየት ይወርዳል?»

ሴቶቹ ተንጫጩ። ዘምዘም የአሻን ክንድ ያዘች። «አብደሻል! ልጅቱን አሳውረሽ ልትድሪያት ነው?»

አሻም ፈርታ ነበር።  ኡሚ እምቢ ብትላት ብልቃጡን አስቀምጣ ልትወጣ ቆርጣ ነበር።

«ልቀቂያት፣ አክስቴ» አለች ኡሚ ከመቀመጫዋ። «ኢን ሶዳቲን፣ አዮ፤ አትፍሪ፣ እናቴ። ነይ ኳይኝ።»

አሻ በድምፁ ሄደች። በግራ እጇ የልጇን ግንባር፣ ቅንድብ፣ ከዚያም የቆቧን ጠርዝ ዳሰሰች። ውጭ ወንዶቹ ሲጨፍሩ ይሰማል። መኳያውን አስጠጋች። የኡሚ ሽፋሽፍት ጣቷን ነካት፤ አልተርገበገበም። ሳበችው። በሌላውም ዓይን እንዲሁ። መኳያውን ወደ ብልቃጡ ስትመልስ ጀርባዋ በላብ ርሶ ነበር።

ዘምዘም ቀረብ ብላ አየች። «ቀኙ ልክ ነው» አለች። «ግራው ግን ከዳር አልፎ ወጥቷል። ቆይ፣ በነጠላዬ ጫፍ ላስተካክለው።»

አሻ አንገቷን ደፋች። ሃያ ዓመት አንድ ሰው እንዲህ ብሏት አያውቅም።

ኡሚ መስተዋቱን ተቀብላ ቀኙንም ግራውንም አየች። ከዚያ የዘምዘምን እጅ በቀስታ ከፊቷ አነሣች።

«አይነካም» አለች። «እናቴ ናት የኳለችኝ። እንዲሁ ነው የምወጣው።»

እንዲሁም ወጣች። እልልታው ደጁን ሲሞላው አሻ እንባዋ ኡሚ ላይ እንዳይወድቅ ሻሿን ሳትፈታ፣ የምትደገፈውን ግድግዳ በእጇ እየፈለገች፣ ልጄ ቆንጆ ናት፣ ቆንጆ ናት ወይ እያለች ሴቶቹን ትጠይቅ ነበር።