የልጅ ልጄን ያሰደብኩበት ታኅሣሥ

በዕድሜዬ ብዙ ነገር ሆኛለሁ፤ ታክሲ ነጂ፣ የፓርኪንግ ጠባቂ፣ በእድር ስብሰባ ላይ ማንም ሳይጠይቀው ሐሳብ የሚሰጥ ሰው። ከሁሉ የምኮራበት ሙያዬ ግን ሌላ ነው። መድረክ ላይ ክፉ ሰው ሲወጣ፣ ከዴንቨር እስከ አውሮራ እንደ እኔ አድርጎ የሚጮኽበት ተመልካች አልነበረም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራ ነው።

ወደዚህ ሙያ ያስገባችኝ አንዲት እንግሊዛዊት ደንበኛዬ ናት። ሎውሪ የአየር ኃይል ሰፈር በነበረበት ዘመን ባሏ እዚያ ወታደር ነበርና አግብቶ ከአገሯ አመጣት። በኋላ ሰፈሩም ተዘጋ፣ ባሏም ሞተ፣ እሷ ፓርክ ሂል የሚባለው ሰፈር ቀረች። ታኅሣሥ በመጣ ቁጥር ከጓደኞቿ ጋር የአገሯን ትርዒት ታዘጋጃለች፤ እኔ ደግሞ ከቤቷ ወደ አንዲት ትንሽ የአውሮራ ቴአትር ቤት አመላልሳታለሁ። የኋላ ወንበሬ ላይ ዊግ፣ ካባ፣ አንዳንዴም ከካርቶን የተሠራ የላም ጭንቅላት ትጭናለች።

"የላሟስ ሂሳብ?" አልኳት አንድ ቀን።

"ላሟ አትከፍልም፤ ግን ትጋብዝዎታለች" ብላ ሁለት ቲኬት ሰጠችኝ።

ትርዒቱ ፓንቶማይም ይባላል አለችኝ። እኛ በዚህ ስም የምናውቀው ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት በእጁና በፊቱ የሚሠራውን ነው። እንግዲያው ለእንቅልፍ ይመቻል ብዬ፣ ያኔ ገና ስምንት ዓመቷ የነበረችውን የልጅ ልጄን ይዤ ሄድኩ።

ምን እንቅልፍ አለ! በሥራው ቧንቧ ሠራተኛ የሆነ ግዙፍ ሰውዬ ቀሚስ ለብሶ፣ ከንፈሩን እንደ በርበሬ አቅልቶ፣ ምስኪን መበለት ነኝ ብሎ ወጣ። አንዲት ላም ውስጥ ሁለት ሰው ገብቶ የፊተኛው ወደ ግራ፣ የኋለኛው ወደ ቀኝ ሄደ። ተመልካቹም አርፎ አይቀመጥም። ደጉ ሲወጣ ያጨበጭባል፤ ክፉው ሲወጣ "ቡ!" እያለ ያዋርደዋል። ክፉው ከደጉ ጀርባ ሲያደባ ሕፃን ሽማግሌው "ከኋላህ ነው!" ብሎ ይጮኻል። ደጉ "የለም!" ይላል፤ አዳራሹ "አለ!" ይላል። "የለም!" "አለ!" እንግሊዞች በገና ሰሞን ቤተሰባቸውን ይዘው የሚሄዱበት የቆየ ልማዳቸው ይኸው ነው። ለእኔ ግን ቁርጥ የእድራችን ስብሰባ ነበር፤ ልዩነቱ እነሱ ተጨቃጭቀው ሲያበቁ እየሳቁ መውጣታቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ታኅሣሥ ያለ ፓንቶማይም አላለፈኝም። የልጅ ልጄን ይዤ ከግሌንዴል እነዳለሁ፣ ከቴአትር ቤቱ ጀርባ ፓርክ አደርጋለሁ፣ ከፊት እንቀመጣለን። ከመድረክ ቸኮሌት ይወረወራል፤ የነቢያት ጾም ላይ ስለሆንን በኮቴ ኪስ ውስጥ አጠራቅሜ ለገና እንፈስክበታለን። ክፉው ሲወጣ ደግሞ ብድግ እላለሁ። አንድ ዓመት ጠንቋይ ሆኖ የተጫወተው የጥርስ ሐኪም በእኔ ጩኸት ብዛት የሚለውን ረሳ። ሲያበቃ መጥቶ እጄን ጨበጠኝና "ጌታዬ፣ በሕይወቴ እንደ እርስዎ የጠላኝ ሰው የለም፤ አመሰግናለሁ" አለኝ። ለልጅ ልጄ ይህን ሳወራላት ቤታችን እስክንደርስ ድረስ ሳቀች። ቡ ማለት እዚያ ቤት ሽልማት መሆኑን እሷ ከእኔ ቀድማ ነው የገባት።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት እሷም ኦዲሽን የሚሉትን የተዋናይ ፈተና ተፈተነች። አንድ ቀን በሩን በርግዳ ገባች።

"አባባ፣ ንግሥቷን ሰጡኝ!"

"ድሮስ! የማን ዘር ሆነሽ!"

"ባድ ኩዊን፣ አባባ። ክፉዋን። የመንደሩን የገና ደወል እሰርቃለሁ።"

"ምን አጥተሽ ነው የምትሰርቂው?"

አጠገቤ ተቀመጠች። ይህች ልጅ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው፤ ነገሩ ቁም ነገር ሲሆን ግን ወደ እኔ ቋንቋ ትመጣለች።

"ስማኝ። ንግሥቷን በሰይፍ የሚገድላት የለም። መጨረሻ ላይ ሕዝቡ ቡ ይላታል፣ ይላታል፣ ይላታል፤ ከዚያ ጆሮዋን ይዛ ደወሉን ትጥላለች። ቡ ከሌለ ደወሉ አይወድቅም። ደወሉ ካልወደቀ ሾው የለም። ገባህ?"

"ገባኝ።"

"ዳይሬክተሯ እኔን የመረጠችኝ፣ 'ጩኸት አንቺን አይሰብርሽም' ብላ ነው።"

ለሳምንታት መታጠቢያ ቤት ገብታ የክፋት ሳቅ ተለማመደች። የታችኛው ጎረቤታችን በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይደበድባል። እናቷ፣ ልጄ ማለት ናት፣ ከሆስፒታል ሥራዋ ደክማ ስትገባ "አባዬ፣ ይሄ ሁሉ ያንተ ሥራ ነው" ትለኛለች። "የኔ ነው!" እላለሁ ደረቴን ነፍቼ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በኤርፖርቱ የታክሲ ተራ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በእድሩ ሁሉ ዞሬ "የልጅ ልጄ በእንግሊዞች ቴአትር ንግሥት ሆና ትወጣለች፤ መጥታችሁ እዩልኝ፤ እንዳታሳፍሩኝ!" አልኩ። "ክፉ" የምትለዋ ቃል ከጉሮሮዬ አልወጣ አለች። የሰውን ልጅ ስንት ታኅሣሥ ሙሉ ያዋረድኩ ጀግና፣ የገዛ ደሜ ላይ ስደርስ አንዲት ቃል አነቀችኝ።

ወገኖቼ አላሳፈሩኝም። ቅዳሜ ከሰዓት የአዳራሹን እኩሌታ ሞሉት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወንዶቹ ሠርግ የተጠሩ ይመስል ክራቫት አስረው መጡ። አንድ የአስመራ ሰው ጓደኛ አለኝ፤ አማርኛን በትምህርት ቤት ስለተማረ ከእኔ የተሻለ አውቃለሁ የሚል ባለታክሲ። እሱ ጫማውን አስጠርጎ ከጎኔ ተቀመጠ። በሌላ በኩሌ የልጅቷ የክርስትና እናት ተቀመጡ፤ ከእኔም በዕድሜ የሚበልጡ፣ ምርኩዛቸው ከእጃቸው የማይለይ ትልቅ ሴት ናቸው።

"ያ ቀሚስ የለበሰው ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?" አሉኝ ቧንቧ ሠራተኛውን አይተው።

"መበለት ነው፣ እማማ።"

"እግዚአብሔር ያጽናው" አሉ።

ከዚያ ጢስ ተነሣ፤ ከበሮው ተመታ፤ የልጅ ልጄ ፊቷን አረንጓዴ ተቀብታ፣ ጥቁር ካባዋን እየጎተተች ብቅ አለች። የእንግሊዞቹ ወገን ቡ ለማለት ትንፋሹን ሳበ። የእኛ ወገን ቀደመው። እልልል! ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። "እሰይ የኛ ልጅ!" አለ አንዱ ከኋላ። እንግሊዞቹ ተያዩ። ጨዋ ሰዎች ናቸውና፣ ምናልባት ደንቡ ተቀይሮ ይሆናል ብለው ቡአቸውን ዋጥ አድርገው አብረውን አጨበጨቡ።

ንግሥቲቱ ለሳምንታት የተለማመደችውን ሳቅ ሳቀች። ሁሉም አብሯት ሳቀ። "ደወላችሁን ልወስደው ነው!" ብላ በእንግሊዝኛ ስትዝት፣ ጓደኛዬ በአማርኛ "ውሰጂው፣ የኔ እመቤት!" ብሎ መለሰላት። እኔስ? የአውሮራው ጀግና እንባዬን እየጠረግኩ መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

እረፍት ላይ ሰው ሻይ ፍለጋ ሲወጣ፣ ከመድረኩ ጎን ያለው በር ገርበብ አለና አንዲት አረንጓዴ እጅ ጠራችኝ። ስቀርብ እንባዋ ቀለሙ ላይ መስመር አውጥቷል።

"አባባ፣ ለምንድነው የሚያጨበጭቡት?"

"ወደውሽ ነዋ!"

"እንዲወዱኝ አይደለም! አይ አም ኢቭል! ክፉ እኮ ነኝ!"

"ኧረ በስመ አብ በይ…"

"አባባ! ደወሉ እኮ አይወድቅም። ልጆቹ በሙሉ በኔ ምክንያት ሾው ሊበላሽባቸው ነው። ላሟ ውስጥ ያሉት ራሱ ግራ ገብቷቸዋል።" አፍንጫዋን በካባዋ ጠረገች። "የጥርስ ሐኪሙን ብድግ ብለህ ነበር ቡ ያልከው። እኔን ግን አላልከኝም። ጎበዝ አይደለሁም እንዴ?"

ይህች ጥያቄ ወገቤን ቆረጠችው። ለማላውቀው የጥርስ ሐኪም አፍሼ የሰጠሁትን ሽልማት፣ ለገዛ ልጄ ነፍጌ ቆሜያለሁ።

"ሂጂ፣ ቀለምሽን አስተካክዪ" አልኳት። "ዛሬ የማወርድብሽን ውርደት ለጠላትሽም አይስጠው።"

"ፕሮሚስ?"

"ጾም ነው አልምልም። ግን ቃሌ ነው።"

ወደ ወገኖቼ ተመለስኩና ከፊታቸው ቆምኩ። በእድር ስብሰባ ያለ ፈቃድ መናገር የለመደ ሰው ይህ አይከብደውም።

"ወገኖቼ፣ አንድ ልመና አለኝ። የልጅ ልጄን ስደቡልኝ።"

ጓደኛዬ ክንዴን ያዘና ዝቅ ባለ ድምፅ "ስኳርህን ተለክተሃል?" አለኝ።

ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋቸው፤ ንግሥቲቱ ክፉ መሆኗን፣ ደወሉ የሚወድቀው በጩኸት ብቻ መሆኑን፣ ልጅቱ ጓዳ እያለቀሰች መሆኗን። "ክፉ" የሚለውን አስቀድሜ ያልነገርኳቸው እኔው እንደሆንኩም ጨመርኩ። ወንዶቹ ሳቁብኝ። የክርስትና እናቷ ግን ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መቱት።

"በጾም? ክርስትና ያነሣኋትን ልጅ? እኔ?"

"እማማ፣ ያኔ ሲያነሷት በእሷ ስም ሰይጣንን ክደውልኝ የለም ወይ?"

"ክጃለሁ እንጂ!"

"እንግዲህ ያ ሰይጣን ዛሬ ደወል ሰርቆ መድረክ ላይ ይወጣል። እርስዎ ልጅቷን አይንኩብኝ፤ እሱን ብቻ ያባርሩልኝ።"

አተኩረው አዩኝ። "አንተ ሰው፣ ይሄ ምላስህ አንድ ቀን ጉድ ይሠራሃል" አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ሁለተኛው ክፍል ተጀመረ። ጢሱ ተነሣ፤ ንግሥቲቱ ደወሉን ታቅፋ ወጣች። ያ ሁሉ ሕዝብ ዝም። ማንም መጀመሪያ መሆን አልፈለገም። ዓይኗ እኔን ፈለገ፤ አገኘኝ። ብድግ አልኩ። ቡ ማለቱ ጠፋብኝና ከሆዴ የወጣው መርካቶ ውስጥ ኪስ የተገባበት ሰው የሚጮኸው ጩኸት ሆነ።

"ሌባ! ሌባ! ያዙልኝ!"

ጓደኛዬ ክራቫቱን ፈትቶ ተነሣ። "ሌባ! ደወሉን መልሺ!" ከኋላ ያሉት ተቀበሉ። እንግሊዞቹ በበኩላቸው ሙሉ ክፍል አፍነው የያዙትን ቡ ለቀቁት። ንግሥቲቱ ቀና አለች። አንድ ስንዝር የረዘመች መሰለኝ። ወደ መድረኩ ጫፍ መጣችና ጣቷን በእኔ ላይ ቀስራ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በአማርኛ፦

"ዝም በል፣ አንተ ሽማግሌ!"

በማኅበረሰባችን ታሪክ አያት እንዲህ ተደፍሮ አያውቅም።

"አልልም!" አልኩ።

"ትላለህ!"

"አልልም!" አለ ከእኔ ጋር የአዳራሹ እኩሌታ።

"ትላላችሁ!"

እንግሊዞቹ አንዲት ቃል ሳይገባቸው ጨዋታውን ግን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡት ነውና "አልልም!" እያሉ ተቀላቀሉ። ዳይሬክተሯ ከመጋረጃው ጎን ወጥታ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ትስቃለች። ያኔ ነው ከጎኔ ምርኩዝ ወለሉን ሲመታ የሰማሁት። የክርስትና እናቷ ቆመዋል። ድምፃቸው የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ነው፤ ቃሉም ያኔ ሰይጣንን የካዱበት ግእዝ።

"እክሕደከ ሰይጣን! ውጣ ከልጄ!"

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለን። "ሌባ! ሌባ!" የሚለውን ነጩም፣ ጥቁሩም፣ ላሟም አለችው። ልጄ፣ ያቺ ይሄ ያንተ ሥራ ነው የምትለኝ፣ ወንበር ላይ ቆማ ትጮኻለች። የልጅ ልጄ አልተሰበረችም። ያንን ሁሉ ጩኸት እንደ ዝናብ ፊቷ ላይ ተቀብላ፣ እየተንገዳገደች፣ እየዛተች፣ ሕዝቡን እስከ ጥጉ አስጮኸችና በመጨረሻ ጆሮዋን ይዛ ደወሉን ለቀቀችው። ተንከባለለ፤ ጮኸ። እልልታው አሁን በቦታው ሆነ።

ትርዒቱ አልቆ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ስጠብቃት፣ የማላውቃቸው እንግሊዞች እየመጡ እጄን ጨበጡኝ። አንዷ አሮጊት "ያቺ አስጠሊታ ልጅ የእርስዎ ናት?" አለችኝ።

"የኔ ናት" አልኳት።

"እንደዚያ ያለ ክፉ ፍጥረት ካየሁ ስንት ዘመኔ።"

"ለሌሎቹም ይንገሩልኝ" አልኳት። "በአያቷ ወጥታ ነው።"