ሙክቱ የበላው የደም ክኒን

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ፣ ከዳባት ወጣ ብላ ባለች ጤና ጣቢያ፣ ኃላፊው የደም ማነስ መከላከያውን የአይረን ክኒን ካርቶን አስታቀፈኝ። «ለነፍሰ ጡሮች ትሰጫለሽ። ሲመለሱ ሰገራቸው ጠቁሮ እንደሆነ ትጠይቂያለሽ» አለኝ። አዲስ ጋወን ለብሼ፣ አዋላጅ ነርስ ተብዬ፣ የሰገራ ቀለም ልጠይቅ!

«ሌላ ማወቂያ የለም?»

«ላቦራቶሪ አለ፤ መብራት ሲኖር።»

ጠየቅሁ። አይረን የዋጠች ይጠቁርባታል፣ ያልዋጠች አይጠቁርባትም። አፍ ይዋሻል፣ ሆድ አይዋሽም። ሴቶቹ መጀመሪያ አፈሩ፤ ኋላ ግን ተራ ጠባቂው ሁሉ እየሰማ ከበር ላይ ይነግሩኝ ጀመር።

ስመኝ የምትባል ቀጭን ልጅ ግን፣ የመጀመሪያዋን አርግዛ፣ ክኒኗን በየወሩ እየወሰደች በየወሩ ትገረጣለች። የዓይኗን ቆብ ስገልጠው ደም የሚባል የለበትም።

«ጠቆረ?»

«ኧረ እንደ ወትሮው ነው፣ ሲስተር።»

«ትውጪዋለሽ ግን?»

አቀረቀረች። «እማማ ናቸው የሚያስቀምጡልኝ።» አማቷን ማለቷ ነው።

ፈራሁ። እንዲህ ገርጥታ ስትወልድ ደም ቢፈሳት፣ አምቡላንሱ ጎንደር ሳያደርሳት ታልቃለች።

ቤታቸው ሄድኩ። አማቷ እማማ ብርቄ ደጃፍ ላይ ሙክት ይቀልባሉ። ስለ ክኒኑ ስጠይቃቸው ቅንጣት አላፈሩም።

«ልጅ ያገዝፋል ሲሉ ሰማሁ፣ ልጄ። ይቺ ሸንበቆ ግዙፍ ልጅ በየት በኩል ትውለደው? ከሚባክን ብዬ ለሙክቱ በገብስ አደረግሁለት፤ ለፋሲካ ይደልብልኝ ብዬ።»

ስለ ደም፣ ስለ ምጥ፣ የተማርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ። እሳቸው ገብሳቸውን ያበጥራሉ። ተናደድኩ።

«ታዲያ ሙክቱ ደለበልዎ?»

ላቱን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ምን ይደልባል! የጎረቤቴ ሙክት ክኒን ሳይቀምስ በልጦታል።»

«ሙክት ያላደለበ፣ ልጅ ያገዝፋል?»

በጉን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ወደ ጓዳ ተጣሩ፦ «አንቺ ስመኝ! ነይ ዋጪው፤ ይኸ ከንቱ ማንንም አያገዝፍም!»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ውኃ ይዘው ቆመው ያስውጧት ነበር። በተከታዩ ቀጠሮ አብረዋት መጡና ተራቸው ሳይደርስ ጮኹ፦ «ጠቁሯል! እኔው አይቼዋለሁ!»

ስመኝ በእጄ ወለደች። የፈራሁት ደምም ፈሰሰ። የደም ማቆሚያውን መርፌ ወግቼ፣ ማሕፀኗን እያሸሁ፣ የማውቀውን ቅዱስ ሁሉ ጠራሁ። ቆመ። ዓይኗን ገልጣ ውኃ ስትጠይቀኝ አለቀስኩ።

እማማ ብርቄ ሕፃኑን አንስተው መዘኑት። «አላገዘፈውም። አላልኩሽም?»

ለእናንተ ለአዲስ ተቀጣሪዎች የምላችሁ ይህን ነው፦ ለነፍሰ ጡሯ ክኒን ከመስጠታችሁ በፊት አማቷን አነጋግሩ።