ሎርዱ ድንጋይ የተሸከመበት ምዕራፍ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ታላቅ ሰው የለበትም። ያለበት አንዲት ጎረቤታችን፣ ባሏና አንድ ያረጀ የእንግሊዞች የፍቅር ልብ ወለድ ነው። መጻፍ ጀምሬ የቀደድኩት ወረቀትም አለ። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት በዩኒቨርሲቲው ማደሪያችን ምድር ቤት ልብሴን ከማድረቂያው ሳወጣ፣ የሞቀ ጥጥና የበረኪና ሽታ ፊቴን መታኝ። አንሶላዬን እንዳቀፍኩ ቆሜ እትዬ ስንዱን አሰብኩ።

በፈረንጆች ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ አሜሪካ ሲያትል ከተማ፣ ሌክ ሲቲ በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ አፓርትመንት ውስጥ እንኖር ነበር። እኔ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ምድር ቤቱ ውስጥ ሲሠሩ እንደ አሮጌ አውቶቡስ የሚንቀጠቀጡ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖችና ብርቱካንማ የፕላስቲክ ወንበሮች ነበሩ። ውጭ ሲዘንብ መስኮቱ በእንፋሎት ይሸፈን ነበር፤ ደግሞ ሁልጊዜ ይዘንብ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የሕንፃው ሐበሻ ሴቶች ልብሳቸውን ይዘው እዚያ ይወርዱ ነበር። ልብሱ ግን ሰበብ ነበር። የሚወርዱት እትዬ ስንዱ ስታወራ ለመስማት ነው።

እትዬ ስንዱ የምትሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ነበር። አሮጊቶቹ አንብበው የጨረሷቸውን ልብ ወለዶች ይሰጧታል። ሽፋናቸው ላይ ቀሚሷ መሬት የሚጠርግ ሴትና ረጅም ቦት ያደረገ ወንድ ይታያሉ። ታሪኩ ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር ስለነበሩ ባላባቶች ነው፤ ይጋባሉ፣ ይቀያየማሉ፣ ይጸልያሉ፣ ይቅር ይባባላሉ። እትዬ ስንዱ ጴንጤ ስለነበረች ጸሎት ያለባቸውን ትመርጣለች። አንድ ገጽ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በልቧ ታነብና ቀና ብላ በአማርኛ ትተርክልናለች። የእሷ ሎርዶች እንደ ደጃዝማች ይቆጣሉ፤ እመቤቶቿ ሲያዝኑ ነጠላ ያዘቀዝቃሉ።

በዚያ ክረምት የምትተርከው የካሮላይንን ታሪክ ነበር። ባሏ ሎርድ ሪቻርድ በሠርጋቸው ማግስት ወደ ጦርነት ሄዶ ለዓመታት ደብዛው ጠፍቷል።

«ቆይ፣ የልጅቱ ወላጆች ምን ይሠራሉ? ሽማግሌ አይልኩበትም?» አሉ እማማ ዘነበች። እማማ ዘነበች በሕንፃው ውስጥ በዕድሜ ትልቋ ነበሩ።

«እናትና አባት የላትም፣ እማማ።»

«ወይኔ ልጄን!» አሉ ደረታቸውን መትተው። ታሪኩ ፈጠራ መሆኑ ቢነገራቸውም፣ ከረቡዕና ከዓርቡ ላይ ሐሙስን ጨምረው ለካሮላይን ጾሙላት።

በመጨረሻ ሎርዱ ተመልሶ መጣ። እትዬ ስንዱ ያን ምዕራፍ ስትተርክ ድምጿ ተለወጠ። ሎርዱ በዝናብ ውስጥ፣ በባዶ እግሩ፣ ትልቅ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ «አጥፍቻለሁ፣ ማሪኝ» እያለ እደጇ ቆመ። እንዲህ ያለው ሰው የበደለው ወገን «አውርደው» እስኪለው ድረስ ድንጋዩን አያወርድም። ሴቶቹ አለቀሱ። እትዬ ስንዱም አለቀሰችና መጽሐፉን ዘጋችው። ካሮላይን ምን እንዳለች ሳትነግረን ልብሷን ሰብስባ ወጣች።

ያለቀሰችበትን ምክንያት ያወቅሁት እናቴ ስትነግረኝ ነው። እትዬ ስንዱና ባሏ ግርማ ካርቱም በስደት ሳሉ፣ እሷ ነፍሰ ጡር እያለች፣ እሱ አሜሪካ የመሄድ ዕድል ደረሰው። «እጠራሻለሁ» ብሎ ሄደ፤ አልጠራትም። ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቱ በዚያ ሙቀት ገና ሳትድህ ሞተች። እሷ በኋላ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ድጋፍ ሲያትል ገባች። አሁን ደግሞ ግርማ ከዳላስ አድራሻዋን አፈላልጎ፣ «አስታርቁን» እያለ ሰው ይልክባት ነበር። እሷ እያንዳንዱን መልእክተኛ አንገቷን ደፍታ እስከ በሩ ትሸኛለች። የሚሏት አንድ ነገር ነው፤ «አንቺ አይደለሽ እንዴ ስለ ይቅርታ የምትነግሪን?»

በአንድ እሑድ ከሰዓት ለማስታረቅ የመጡት ሽማግሌ አቶ በቀለ፣ እማማ ዘነበች፣ እናቴና እኔ እትዬ ስንዱ ሳሎን ተሰብስበን ሳለ በሩ ተንኳኳ። እናቴ ከፈተች። ግርማ ነበር። ግራጫ ሱፍ ለብሶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። የሕንፃው ማናጀር ደጅ ባለው አበባ ዙሪያ ከደረደራቸው ድንጋዮች አንዱ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ። ጭቃ ያዘለ ውሃ በኮሌታው ይወርዳል። እማማ ዘነበች እልል ሊሉ ጀምረው አፋቸውን ያዙ።

«እንግዲህ አውርደው በይው፣ ልጄ። አንገቱ ተቀጨ እኮ» አሉ አቶ በቀለ።

እትዬ ስንዱ ከሶፋው አልተነሳችም። «ድንጋይ ተሸከም ያለህ ማነው?» አለችው።

ግርማ ምንጣፉን እያየ፣ «አልማዝ ናት» አለ። አልማዝ እናቴ ናት።

«ስንድዬ፣ በክፋት አይደለም» አለች እናቴ። «ከዳላስ ኮል አድርጎ ምን ባደርግ ይሻላል ሲለኝ የሎርዱን ነገርኩት። ሶ፣ ደስ የሚልሽ መስሎኝ… አንቺው አይደለሽ ያለቀስሽበት? መጽሐፉ ላይ…»

«መጽሐፉ ላይ ድንጋይ የለም!»

ሁላችንም ወደ እትዬ ስንዱ ዞርን።

«እኔ ነኝ የጨመርኩት። እዚያ ሰውየው በፈረስ ይመጣል፣ ይንበረከካል፣ ታረቁ ይባላል። አልበቃኝም። አንድ ወንድ፣ ማንም ሳይነግረው፣ የበደሉን ክብደት ራሱ ፈልጎ ሲሸከም ማየት አማረኝ።» ወደ ግርማ ዞረች። «አንተን ግን ነገሩህ።»

«እና እኔ በከንቱ ነው የጾምኩት?» አሉ እማማ ዘነበች። የሳቀ ሰው አልነበረም።

እትዬ ስንዱ ዓይኗን ጨፈነች። «አውርደው። ይቅር በሉ ተብሏል፣ ይቅር ብያለሁ። እዚህ ቤት ግን አታድርም።»

አወረደው። አንገቱ ግን ቶሎ አልቃና አለ፤ እንደጎበጠ ደረጃውን ወረደ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት በቤታችን ሐዘን የተቀመጥንባቸው ይመስሉ ነበር። ተረት ቀረ። ሴቶቹ ልብሳቸውን አጥበው ዝም ብለው ይወጣሉ። እትዬ ስንዱ ከሳች። የእሷ መኝታ ቤትና የእኛ ሳሎን የሚለያዩት በስስ ግድግዳ ነበርና ስትጸልይ ይሰማናል። «ጌታ ሆይ፣ በአፌ ብያለሁ፤ ልቤ ግን አልመጣልኝም። ልቤን ወዴት ወሰድክብኝ?» እናቴ መዳፏን ግድግዳው ላይ አድርጋ ቆማ ታለቅሳለች፤ ሄዳ በሯን ለማንኳኳት ግን አትደፍርም።

ግርማም ወደ ዳላስ አልተመለሰም። ከሲያትል ወጣ ብሎ ሬንተን ከተማ አንድ ዘመዱ ዘንድ ተጠግቶ፣ እዚያው አቅራቢያ ኬንት በምትባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ሥራ ያዘ። ቅዳሜ ሲሆን አውቶቡስ ቀያይሮ ይመጣና ማጠቢያ ክፍሉ ጥግ ብርቱካንማው ወንበር ላይ ይቀመጣል። አትናገረውም፤ አታባርረውም። ልብሷ ሲያልቅ ትወጣለች፤ እሱም ይሄዳል። እማማ ዘነበች አንድ ቀን፣ «አንተ ሰው፣ የምታጥበው ካልሲ እንኳ የለህም?» ቢሉት፣ በሚቀጥለው ሳምንት እውነትም ካልሲ ይዞ መጣ።

ጸደይ ሲገባ አንድ ቅዳሜ፣ እናቴ ሳሙና ልግዛ ብላ ወጥታ፣ እኔ ማድረቂያው አጠገብ የቤት ሥራዬን ስሠራ፣ ግርማ ከወንበሩ ተነሣ።

«ስንዱ፣ ያቺን ልጅ… ስሟን ማን አልሻት?»

እትዬ ስንዱ እጇ ላይ የነበረው አንሶላ ቀስ ብሎ መሬት ነካ። ይህን እንዲጠይቅ የነገረው ሰው አልነበረም። እናቴ እንኳ፣ ያን ሁሉ ዘመን አብራት እያለቀሰች፣ ጠይቃት አታውቅም ነበር።

«ሊያ» አለች።

«ማንን ትመስል ነበር?»

«ጆሮዋ ያንተ ነበር። ቁርጥ ያንተ።»

ግርማ ሁለት ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ፣ እኔ ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ሰምቼ በማላውቀው ድምፅ አለቀሰ። እትዬ ስንዱ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ከመሬት አንሥታ ዘረጋችለት።

«ያዝ። ብቻዬን ማጠፍ አቅቶኝ ነው የኖርኩት» አለችው።

በዚያ ቀን አብረው አልሄዱም። ቅዳሜዎች አለፉ፤ ማውራት ጀመሩ፤ አንዳንዴ ይጣላሉ፣ ጭቅጭቁም ደስ ይለን ነበር። ኋላ ለሥራው ቅርብ እንዲሆን ብለው ኬንት ቤት ተከራዩ። ሴቶቹ፣ «ካሮላይንስ ምን ሆነች?» ብለው ቢለምኗት፣ «ያው ታረቁ። እነሱ ሀብታሞች ናቸው፣ ቶሎ ይታረቃሉ» አለችና ሳቀች።

መጻሕፍቷን በካርቶን አድርጋ ለእኔ ተወችልኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንበሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ሆንኩ። በእንግሊዝኛ እያነበብኩ እየተንተባተብኩ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ፤ ስሳሳት እማማ ዘነበች ያርሙኛል። እኩዮቼ ለእናቶቻቸው በእንግሊዝኛ ሲመልሱ እኔ አማርኛ ሳይጠፋኝ የቀረው በዚህ ነው። ግርማ መኪናውን ምድር ቤቱ በር ላይ ፓርክ አድርጎ የመጨረሻውን ዕቃ የጫነው፣ እትዬ ስንዱም ከጎኑ የተቀመጠችው ቅዳሜ ቀን ነበር፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ነሐሴ 22 ቀን 1987።