ወፍጮው ውስጥ የቀረ ካሹ

ሠላሳ አራት ዓመት በጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ የሰው ሰገራ በማይክሮስኮፕ ሳይ ኖሬአለሁ። በዓይን የማይታይ ነገር ሰው እንደሚጥል ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ታዲያ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በዚያው በማይታይ ነገር ተያዝኩ፤ ያውም በገዛ አፌ። አፌ ውስጥ የቀሩት ጥርሶች አራት ናቸው፤ ሁለቱ ላይ፣ ሁለቱ ታች፤ እንደ ተኳረፉ ጎረቤታሞች ፊት ለፊት አይገናኙም።

ልጄ ቡታጅራ፣ ከቤታችን ጓሮ ባለች ክፍል፣ የልጆች ገንፎ ዱቄት ታዘጋጃለች። ገብስ፣ አጃና ሽምብራ ቆልታ በትንሽ የኤሌክትሪክ ወፍጮ ትፈጫለች። አንድ ቀን መስቃን ተወልዳ ወልቂጤ የምታስተምር አንዲት እናት ስለ ዱቄቱ ሰምታ መጣች። አራት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ አለቻት። ልጅቱ ሰርግ ቤት ካሹ የሚባለው ለውዝ መሰል ፍሬ ያለበት ኬክ ቀምሳ ከንፈሯ አብጦ፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ፣ ሆስፒታል የደረሰችው እንደ ጨርቅ ተዝለፍልፋ ነው። ሐኪሞቹ ካሹም ሆነ ሌላ እንደሱ ያለ ለውዝ መሰል ፍሬ ቅንጣት እንኳ እንዳይነካት አዘዋል። እናትየው ምን እንደገባበት የምታውቀው ዱቄት ትፈልጋለች፤ የላቦራቶሪ ወረቀትም ይኑረው አለች።

ይሄኔ ደረቴን ነፋሁ። ማንኪያውን በፈላ ውሃ ዘፈዘፍኩ፤ ልጄን እጅሽን ታጠቢ፣ እንደገና ታጠቢ እያልኩ አሰለቸኋት፤ ከዱቄቱ ላይ፣ መሃልና ታች ወስጄ በንጹሕ ከረጢት አሸግኩና ቀኑን ጻፍኩበት። ናሙናው በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሄደ። የላቦራቶሪው ባለሙያ በስልክ ሲያስረዳኝ፣ መመርመሪያው በአንድ ከረጢት ዱቄት ውስጥ የጠፋች የካሹ ብናኝ እንኳ ያገኛል አለኝ። በኛ ጊዜ ወስፋቱ ራሱ ካልተወዛወዘልን አናየውም ነበር።

ውጤቱን ስንጠብቅ የወንድሜ ልጅ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀኝ መጣ፤ አንድ ላስቲክ የተቆላ ካሹ ይዞልኝ። ልጄ እንዳየችው ይህ ነገር እዚህ ግቢ አያድርም አለች። እሺ አልኩ። ለጎረቤት ሰጠሁት አልኩ። ካሹው ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር።

ሁለት ቀን እየመጠጥኩ ታገልኩት። ካሹ መንከስ ለማይችል ሰው ከጠጠር የሚለየው በጨው ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ልጄ ገብስ ልትገዛ እንሴኖ ገበያ ሄደች። ካሹው ቅባት ስላለው እንዳይጣበቅ ከእፍኝ ገብስ ጋር ቀላቅዬ በልጄ ወፍጮ ፈጨሁትና በማንኪያ ላስኩት። ከዚያ ሌላ እፍኝ ገብስ አስገብቼ ወፍጮውን “አጠብኩት”። እኛ አገር በርበሬ ከተፈጨ በኋላ የሚደረገው እንዲህ ነው፤ የሚቀጥለው ዱቄት እንዳያቃጥል። ማንኪያ በፈላ ውሃ የሚዘፈዝፈው የላቦራቶሪ ሰው፣ ለካሹ ሲሆን የበርበሬ ዘዴ በቃው።

በማግስቱ ከውጭ ስመለስ ልጄ የወልቂጤዋን ሴት ዱቄት ፈጭታ ከረጢቱን እያሰረች ነበር። ወረቀቱ እስኪመጣ ዝግጁ ይሁን ብዬ ነው አለችኝ።

መጀመሪያ፣ ግድ የለም፣ ላቦራቶሪው ያገኘዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ወዲያው ግን ናሙናው የሄደው እኔ ካሹውን ከመፍጨቴ በፊት መሆኑ ትዝ አለኝ። ወረቀቱ ንጹሕ ነው ብሎ ይመጣል፤ ዱቄቱ ግን ንጹሕ አይደለም። ይህን የሚያውቅ በምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ነገ እናገራለሁ እያለ ያድራል። ፈርቼ ነው ብልም፣ የፈራሁት የልጄን ቁጣ አልነበረም። ሽማግሌው የላቦራቶሪ ሰው በካሹ ተያዘ መባሉን ነው። ከረጢቷ በቤቱ ጥግ ታስራ ቆማለች፤ እኔ ባለፍኩ ቁጥር እንደ ምስክር ታየኛለች።

ውጤቱ መጣ፤ “አልተገኘም” ይላል። ልጄ ከደስታ አለቀሰች። እናትየው በማግስቱ ልጅቱን ይዛ ከወልቂጤ በሚኒባስ መጣች። ከረጢቱ ከግቢ ሳይወጣ እናገራለሁ ብዬ ነበር፤ ልጄ ግን እንግዶቹን ለማስደሰት ከዚያው ዱቄት ገንፎ አገንፍታ ጠብቃለች። ድስቱን ሳየው ጊዜዬ ማለቁን አወቅሁ።

እናትየው አሰላሙ አለይኩም ብላ ጉልበቴን ልትነካ አጎነበሰች። ልጅቱ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ትኩስ ገንፎ መሃሉ ላይ ቅቤ ይዞ ፊቷ ቀረበ። እኛ ቤት ማዕድ ሳይመረቅ አይነካም፤ መራቂው ደግሞ እኔ ነኝ።

“አባባ፣ ይመርቁልን” አለች ልጄ።

እጄን ዘረጋሁ። ሁሉም መዳፉን ከፈተ፤ ልጅቱ እንኳ ማንኪያዋን በአንድ እጇ እንደያዘች ሌላውን ዘረጋች። ጤና ይስጥሽ ልል አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም።

“ማንኪያውን ተቀበያት” አልኩ ለእናትየው።

“አሜን” አለች ልጄ ከልማድ።

“አሜን አይደለም። ማንኪያውን ተቀበያት። በዚህ ወፍጮ ካሹ ፈጭቻለሁ።”

እናትየው ልጇን ከነማንኪያው ብድግ አደረገቻት። ጓሮ ወስዳ እጇንና አፏን አጠበች፤ ከዚያ ሦስታችንም የልጅቱን ከንፈር እያየን ቆምን። ቀምሳ እንደሆነ እርግጠኛ አልነበርንም። ልጅቱ ግን ገንፎው ይበርድብኛል እያለች ትነጫነጭ ነበር። ቆይተን ቆይተን ከንፈሯ እንደነበረ ቀረ።

ልጄ ወረቀቱን ዘርግታ ታዲያ ይሄ ምንድን ነው አለችኝ። ወረቀቱ የሚያውቀው የላክንለትን ከረጢት ብቻ ነው አልኳት፤ ካሹውን ኮቴ ኪስ ደብቄው እንደነበርም አልሸሸግኳት።

እናትየው አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። “አባቴ፣ ስለ ነገሩኝ አላህ ይስጥልኝ” አለች። “ግን ስንት ቀን ያውቁ ነበር?”

“ዘጠኝ ቀን” አልኩ።

ልጇን አዝላ ሄደች።

ልጄ ከዚያው ከረጢት ናሙና ልካ አስመረመረች፤ “ተገኝቷል” ተብሎ መጣ። ወፍጮውን አስፈትታ እያንዳንዱን ብረት አጠበች፤ ከእኔ ጋር የምትነጋገረው ግን በእሺና በእንቢ ብቻ ሆነ። ለወልቂጤዋ እናት ደውላ ይህንኑ ሳትደብቅ ነገረቻት። ከሳምንታት በኋላ ሴትዮዋ ተመልሳ መጣች፤ እህሉ ሲፈጭ ቆማ አይታ፣ ናሙናውን ለእሷ ከታሰረው ከረጢት በገዛ እጇ ወሰደች። እኔ በር ላይ በርጩማ ተሰጥቶኝ እንደ ተከሰሰ ዶሮ ተቀምጬ ነበር።

“አልተገኘም” ከተባለ በኋላ እናትና ልጅ እንደገና መጡ፤ ገንፎ ቀረበ። ልጄ አየችኝ።

“ይመርቁ” አለች። “ግን መጀመሪያ ኮትዎን ያውልቁ።”

አወለቅሁ። ወስዳ አጥሩ ላይ ሰቀለችው። እጄን ታጥቤ በሸሚዝ መረቅሁ። ጮክ ብላ አሜን ያለችው ልጅቱ ብቻ ነበረች፤ እናቷና ልጄ ከንፈሯን እያዩ ነበር።