ሐረጎን በዝግታ

እናቴ ኩላሊቷ ከደከመ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ለእጥበት ደሴ እንወጣ ነበር። እኔ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን እጠግናለሁ። ሐኪሙ «ከሆስፒታል አትራቅ» ስላለ ከቢስቲማ አምጥቼ እኔ ዘንድ አስቀመጥኳት። ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቆ መቀመጥ ሲያቅታት አንድ አሮጌ ፒክአፕ ገዛሁ። ባለ ቱርቦ ናፍጣ ነው። የሸጠልኝ ጎረምሳ «ወላሂ፣ ዳገት ላይ ይበራል» አለኝ። አልዋሸም፤ ይበር ነበር።

ያን ሰሞን ሰዎች «እንዴት ቻልከው?» ይሉኛል። የምችለው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ጠዋት እነሳለሁ፣ ጫማዋን አደርግላታለሁ፣ እነዳለሁ፣ ማሽኑ ደሟን አዙሮ እስኪጨርስ ኮሪደር ላይ እቀመጣለሁ፣ እመልሳታለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ምሳ በልቼ እንደሆነ ቢጠይቁኝ ማሰብ ነበረብኝ።

አንድ ቀን በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ባለው ሐረጎ ዳገት ላይ፣ ከላይ በኩል ካሉት መታጠፊያዎች አንዱን እንደያዝን፣ የሙቀት መርፌው ወደ ቀዩ ሲወጣ አየሁ። አየሁት እንጂ ምንም አልደነገጥኩም። ከዚያ ሞተሩ ጉልበቱ ከዳው፤ ከኋላችን ነጭ ጭስ መንገዱን ሸፈነው።

«ምንድን ነው የሚሸተው?» አለች እናቴ።

«ውሃ ነው እማ፣ ፈልቶ ነው።»

«ውሃ እንዲህ ይሸታል?»

ዳር አቁሜ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገባሁ። ብዙም ሳይቆይ ሲሚንቶ የጫነ ከባድ መኪና ቆመልን። ሹፌሩ ወርዶ እናቴን አያት፣ ከዚያ እኔን። ምንም ሳይጠይቅ በአንድ ወገን እሱ፣ በአንድ ወገን እኔ ሆነን ጋቢናው ላይ አወጣናት። እንደ ሕፃን ቀልላ ነበር። እዚያ ከፍታ ላይ ስትቀመጥ ነጠላዋን አስተካክላ ቁልቁል ኮምቦልቻን አየችና፣ «አላህ ይስጥህ ልጄ፣ ዛሬ እንኳ እንደ ሰው አስቀመጣችሁኝ» አለችው። ሹፌሩ ሳቀ። እሷም ሳቀች። እኔ የሆስፒታሉ ሰዓት እንዳያልፍ እያሰብኩ ነበር። ሰዓቱ አላለፈም።

መኪናው ተጎትቶ ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ገባ። መካኒኩ አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ በግራ እጁ የሚሠራ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይኛውን ክዳን ማለት ነው፣ አውርዶ ጠራኝ። በክዳኑና በሞተሩ መሃል የሚገባው ስስ ጓርኒሲዮን በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ጠቁሮ ተበልቷል።

«አርጅቶ ነው?» አልኩት።

«አይደለም። የቀድሞ ባለቤቶቹ የናፍጣ ፓምፑን ከፍተውታል፣ ናፍጣ ከልኩ በላይ ይረጫል። የቱርቦውንም ግፊት ጨምረውበታል። ሜዳ ላይ ደስ ይላል። ይህን ዳገት ሙሉ ነዳጅ ረግጠህ ስትወጣ ግን ውስጡ ያለው ግፊት ቴስታታውን ሊያነሳው ይታገላል። መጀመሪያ የሚሸነፈው ይህ ነው።»

«አዲስ አስገባበታ።»

«አስገባለሁ። ፓምፑን ካልነካሁት ግን እሱንም ይበላዋል።» እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ኃይሉን ልቀንስልህ። ትዘገያለህ።»

«ምን ያህል?»

«የጫነ መኪና ሁሉ ይቀድምሃል።»

«ይቅደመኝ» አልኩት።

ቴስታታው ብረት ወደሚላግበት ተርኔሪያ ቤት ሄዶ ፊቱ ተስተካከለ። አዲሱ ጓርኒሲዮን ከገባ በኋላ ብሎኖቹን አብረን አጠበቅን፤ ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በአንዴ ሳይሆን ጥቂት ጥቂት፣ እየተመለስን። እኔም የማሽን ሰው ነኝና ሥራው አልከበደኝም። የጥብቀቱን ልክ የሚያሳውቀው ቁልፍ ቀጭ ባለ ቁጥር ቀጣዩን እጠብቃለሁ። ሌላ ምንም አላሰብኩም። ጥሩ ቀን ነበር ማለት አልችልም፤ መጥፎም አልነበረም።

ለሙከራ ሐረጎን ልንወጣ ስንል እናቴ እሄዳለሁ አለች። ጋራዡ በር ላይ የሽቦ ወንበር አምጥተውላት ስትመለከተን ቆይታለች።

«እማ፣ ሙከራ ነው። መንገድ ላይ ቢቆምስ?»

«የሚቀመጥበት እኔ፤ ያለእኔ ምኑን ሞከራችሁት? የኔንም ክብደት ቁጠሩት እንጂ።»

መካኒኩ በሩን ከፈተላት። «ይግቡ እማማ። እውነትዎን ነው።»

ከቱርቦው ላይ ቀጭን ቱቦ ስቦ፣ በመስኮት አስገብቶ፣ የግፊት መለኪያ ጉልበቱ ላይ ይዞ ተቀመጠ። እኔ እነዳለሁ፤ እሱ አንዴ መለኪያውን፣ አንዴ በመስታወት የኋላውን ጭስ ያያል። «አቁም» ይለኛል። ወርዶ የፓምፑን ብሎን በጠመንጃ መፍቻ ትንሽ ያዞራል፣ የቱርቦውን ዘንግ ይነካካል፣ ይመለሳል። «ሂድ።» እንደገና «አቁም።» ጥቁሩ ጭስ እየሳሳ ሄደ። መኪናውም እየሰነፈ።

«ይህ ልጅ ወጥ እንደሚሠራ ሰው ነው» አለች እናቴ ከኋላ ወንበር። «ጠብ ያደርጋል፣ ይቀምሳል። ጠብ ያደርጋል፣ ይቀምሳል።»

«ጨው ሲበዛ መመለሻ የለውማ» አላት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተም አንድ ነገር ልመድ። በከፍተኛ ማርሽ እየጎተትክ ነዳጅ አትርገጥበት። ቀድመህ ማርሽ ቀንስ፣ ሞተሩ ቀለል ብሎት ይዙር። ስትደርስም ወዲያው አታጥፋው፤ ቱርቦው ትንሽ ይብረድ።»

እንዳለኝ አደረግሁ። ከዚያ ወዲህ መርፌው ከግማሽ አላለፈም። ሐረጎን በዝግታ እንወጣለን፤ አውቶቡሱም፣ ሲሚንቶ የጫነውም፣ ጤፍ የጫነውም ጥሩምባ እየነፋ ያልፈናል። እናቴ በመስኮት እያየች ስለ ሰው ማሳ ትፈርዳለች፤ ይህ ቶሎ ዘርቷል፣ ያኛው ጤፉን አረም በልቶበታል። እኔ «እህ» እላለሁ። ዓይኔ መርፌው ላይ ነው።

አንድ ቀን ብዙ መኪና ተከታትሎ ካለፈን በኋላ ፊቷን ከመስኮቱ መልሳ፣

«አትናደድም?» አለችኝ።

«በምን?»

«ሁሉ ሲቀድምህ።»

«አይ።»

«በእኔስ?»

መርፌውን አየሁ።

«መርፌዋን ተዋትና መልስልኝ።»

«አልናደድም እማ። በምን እናደዳለሁ?»

«አውቃለሁ። እሱ ነው የሚያስፈራኝ» አለች። «ብትናደድ፣ አንዴ እንኳ ብትጮህብኝ፣ እዚህ ቤት ሰው አለ እል ነበር።»

ማርሽ ቀነስኩ። ሆስፒታሉ በር ላይ ክንዴን ይዛ ስትወርድ «አብሽር፣ አይዞህ» አለችኝ፣ እኔ በሽተኛው የሆንኩ ይመስል።

የሞተችው ከንጋቱ የሱብሂ ሰላት በኋላ ነው። ሰግዳ ጋደም እንዳለች። ሻይ ይዤላት ስገባ አወቅሁ። ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ጎረቤታችንን ጠራኋት፤ እሷ ጮኸች፣ እኔ እህቴ ዘንድ ቢስቲማ ደወልኩ። «እማ ሄደች» አልኳት። ድምፄ የመኪና ታርጋ የሚያነብ ሰው ዓይነት ነበር።

የቅሬ፣ የዕድራችን፣ ሰዎች ወዲያው መጡ። ሴቶቹ አጠቧት፣ ከፈኗት። ኑዛዜዋ አባቴ አጠገብ ቢስቲማ እንድትቀበር ነበር። የቅሬው ሽማግሌ «መኪና እንፈልጋለን» ሲሉ «የኔ አለ» አልኳቸው። ከኋላ መጫኛው ላይ ጀናዛውን አስቀመጥን፤ ወንዶቹ ዙሪያውን ይዘዋት ተቀመጡ። ሽማግሌው ከእኔ ጎን ገቡ።

መኪናው ያን ያህል ጭኖ አያውቅም። ሐረጎ ግርጌ ገና ሳልደርስ ማርሽ ቀነስኩ። ሞተሩ ቀለል ብሎ ዞረ። ሽማግሌው ከንፈራቸው በዱዓ ይንቀሳቀሳል። ግማሽ ላይ ስንደርስ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እንባ አልተከለከለም እኮ። አልቅስ።»

«እሺ አባባ» አልኳቸው። «መርፌውን እያየሁ ነው። እንዳይሞቅብን።»

አዩኝ። ከዚያ እሳቸውም መርፌውን ያዩ ጀመር። ጫፍ እስክንወጣ ሁለታችንም እሱን እያየን ሄድን። ከፍ አላለም። ደሴን አልፈን፣ ሐይቅን አልፈን፣ ቢስቲማ ከሰዓት የአስር ሰላት ሳይደርስ ገባን። እህቴ መሬት ላይ ወድቃ ነበር። አነሳኋት። ሰገድን፣ ቀበርናት። አፈሩ እርጥብ ነበር።

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ «ጠንካራ ነህ» አሉኝ ብዙዎች። መካኒኩም ከኮምቦልቻ ድረስ መጣ። አጠገቤ ተቀምጦ «አላህ ይርሀማቸው» አለ፤ አብሮኝ ውሎ በመጨረሻው መኪና ተመለሰ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ጋራዡ ጋ ዘይት ልቀይር ሄድኩ። መካኒኩ ከመኪና ሥር ወጥቶ፣ «አሁን ሕመምተኛ አትጭንም» አለኝ፣ እየፈራ። «ከፈለግህ ፓምፑን ትንሽ ከፍቼ ኃይሉን ልመልስልህ። ቴስታታውን የማይጎዳበት ልክ አለው፤ እሱን አላልፍም።»

«እንዳሻህ።»

«ያንተ መኪና ነው እኮ።»

«መልሰው» አልኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ፋብሪካው ለአንድ ማሽን የሚሆን ኩሽኔታ እንድገዛ ደሴ ላከኝ። ሐረጎ ላይ ሦስተኛ ማርሽ ያለምንም ድካም ያዘ። ጤፍ የጫነ መኪና ቀደምኩ፤ ቀጥሎ ሌላ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ዳር ዳሩ ያለውን ማሳ አላየሁትም፤ አልፌው ነበር።

ካሰብኩት ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ። ሱቁ ገና አልተከፈተም። የት እንደምሄድ ስላላወቅሁ ሞተሩን ትንሽ አዙሬ፣ ቱርቦው ሲበርድ አጠፋሁትና መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ። ባጃጆች ያልፋሉ፤ ተማሪዎች ያልፋሉ። ፀሐዩ ከዳሽቦርዱ ላይ ወደ ጉልበቴ ወረደ።

ባለሱቁ መዝጊያውን ወደ ላይ ሲያነሳ አየኝ።

«ብዙ ቆየህ እንዴ ወንድሜ?»

«አሁን ነው የመጣሁት» አልኩትና ወረድኩ።