ዑስማን የቀመሰልኝ ወተት

ሥራ የጀመርኩት እሮብ ቀን ነው። ቀኑን የማልረሳውም እሮብ በመሆኑ ነው። ጠዋት አዲሱን ነጭ ጋወኔን ለብሼ መቐለ በሚገኘው ወተት መሰብሰቢያ በር ላይ ደረስኩ። አርቢዎቹ የወተት ቢዶናቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ከጠረጴዛው ኋላ አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ትንሽ ድስት ምድጃ ላይ ጥዶ ወተት ያፈላል። ቀና ብሎ አየኝና በሲኒ ቀድቶ ሰጠኝ።

"ቅመሽና ንገሪኝ" አለ።

"እሮብ ነው" አልኩት።

ሲኒውን አየ፣ እኔን አየ። "ዋእ! ታዲያ መንግሥት የቀጠረሽ ለምንድን ነው?" ብሎ ራሱ ጠጣው። የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም በሆዴ፣ ከዚህ ሰውዬ ጋር አንድ ወር አልቆይም አልኩ። ዑስማን ማለት ያ ሰው ነው።

እሱ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር፣ እኔ ጀማሪ የወተት ጥራት ተቆጣጣሪ። ኃላፊያችን አቶ ይልማ ከጎጃም የመጡ ስለነበሩ ቢሮው የሚነጋገረው በአማርኛ ነበር። ባሌም ጎንደሬ ነው። ቤቴም ቢሮዬም አማርኛ ሆኖ፣ ትግርኛዬ የቀረው ለእናቴ፣ ለአርቢዎቹና ለንዴት ብቻ ነበር።

ሥራውን ያስተማረኝ ዑስማን ነው። መጀመሪያ ዕቃው ይታያል፤ በፕላስቲክ ጀሪካን የመጣ ወተት አንቀበልም፣ ጀሪካን ጥግ ጥጉ አይታጠብም። ከዚያ ላክቶሜትር የሚባለውን የመስታወት መለኪያ ወተቱ ውስጥ እንለቀዋለን። ውሃ የተጨመረበት ከሆነ ላክቶሜትሩ ወደ ታች ይሰምጣል። ቀጥሎ ወተትና አልኮል እኩል እኩል በቱቦ አድርገን እንንጠዋለን፤ ከጓጎለ መኮምጠጥ ጀምሯል ማለት ነው። ከዚያ ጥቂት እናፈላለን። ሳይቆራረጥ ከፈላ ቀዝቀዝ አድርገን እንቀምሳለን። ይህን ሁሉ ያለፈው "ይለፍ" ይባላል።

ቅምሻው ላይ ግን የእኔ ጾም እንቅፋት ሆነ። እሮብና ዓርብ፣ ሁዳዴ፣ ነቢያት፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ... "እናንተ የምትበሉት መቼ ነው?" ይለኝ ነበር ዑስማን። እኔም በረመዳን ብድሬን እመልሳለሁ፤ እሱ ከንፈሩ ደርቆ ቆሞ እያየ፣ ሲኒዬን አንስቼ በዝግታ እጠጣለሁ። ነገሩ እንዲህ በተረብ ተጀምሮ የሥራ ደንባችን ሆነ። እኔ ስጾም እሱ ይቀምስልኛል፣ እሱ ሲጾም እኔ እቀምስለታለሁ።

እሱ የሚጾምበት ወር ለእኔ የፈተና ወር ነበር። "ምን ምን ይላል?" ብሎ ይጠይቀኛል። "ጥሩ ነው" ብዬ መመለስ አይቻልም።

"ወይራ ወይራ ይላል።"

"ዕቃው በደንብ ታጥኗል። ሌላስ?"

"ብረት ብረት ይላል።"

"ቢዶኑን ገልብጪና ውስጡን እዪ።"

እገለብጣለሁ፤ ዝጎ አገኘዋለሁ። አፌ እንዲህ መናገር የተማረው በእሱ ጥያቄ ነው። ከዚያ በፊት ወተት ለእኔ ወተት ብቻ ነበር።

ከውጭ የሚመጣውንም የዱቄት ወተት የምንቆጣጠረው እኛው ነበርን። አንድ ዓርብ የአንድ አስመጪ መጋዘን ገባን። ማሸጊያው አልተቀደደም፣ የአገልግሎት ጊዜውም አላለፈም። ነጋዴው ፊቱ አልተፈታም። "የውጭ ዕቃ ነው እኮ! ምን ይሆናል ብላችሁ ነው?" አለ።

ዑስማን ቀስ ብሎ፣ "የውጭ ላም ሰማይ ላይ ነው እንዴ የምትግጠው?" አለው። ከዱቄቱ በፈላ ውሃ በጠበጠና ቀመሰ።

"ምን ምን ይላል?" አልኩት፣ ተራው የእኔ ስለነበር።

"ሳሙና ሳሙና ይላል።"

ከከረጢቶቹ ኋላ ዞረን ስናይ የልብስ ሳሙና ካርቶን እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ዱቄት ወተት የጎረቤቱን ሽታ ይስባል። መጋዘኑን አሸግን። ነጋዴው እየሮጠ ለአቶ ይልማ አቤት አለ። እሳቸውም ጠሩንና፣ "ምላስ የትኛው መመሪያ ላይ ነው የተጻፈው?" አሉ። ዑስማን ሲኒውን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠ። "ጌታዬ፣ ይቅመሱትና እርስዎ ይወስኑ።"

አቶ ይልማ ሲኒውን አዩት። "ዓርብ ነው" አሉ። እሽጉም ጸና።

አንድ ዓመት ግን ረመዳንና ሁዳዴ ገጠሙ። የመሰብሰቢያው ሠራተኛ ከኃላፊ እስከ ዘበኛ ጾመኛ ሆነ። በዚያው ወር አንድ የሻይ ቤት ባለቤት፣ በማፍጠሪያ ሰዓት የሚሸጠው ወተት ጣዕሙ ተበላሽቶ ደንበኛ እየሸሸብኝ ነው ብሎ መጣ። ወተቱ የኣደይ ለተብርሃን ነበር። እናቴ ለማለት ኣደይ የምንላት ለተብርሃን ባሏ የሞተባት፣ በአንዲት ክልስ ላም ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። በሁዳዴ ወተት የሚገዛት ያ ሻይ ቤት ብቻ ነበር። እሱ ከተዋት ላሟን ትሸጣለች፤ ላሟን ከሸጠች ደግሞ ሌላ ምንም የላትም።

መረመርን። ላክቶሜትሩ አልሰመጠም። በአልኮልም አልጓጎለም። ሲፈላም አልተቆራረጠም። አሸተትኩት፤ የሆነ ነገር ያለው ይመስለኛል፣ ደግሞ የሌለው ይመስለኛል። አቶ ይልማ መጥተው፣ "ከተጠራጠራችሁ ጣሉት፣ ሴትየዋም ከነገ ጀምሮ አታምጣ" አሉ።

ኣደይ ለተብርሃን ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። አልለመነችም። ብትለምን ይሻለኝ ነበር።

"ልጆቼ ይቅመሱት፣ እነሱ አይጾሙም" አለች በመጨረሻ።

"ኣደይ፣ የባለላሟ ልጅ ምስክር አይሆንም" አላት ዑስማን። ከዚያ ወደ አቶ ይልማ ዞረ። "ጌታዬ፣ ወተቱ ማቀዝቀዣ ይግባ። ሲመሽ እኔ በዚህ አፈጥራለሁ።"

ሲመሽ ዑስማን፣ ኣደይ ለተብርሃንና እኔ ደጃፉ ላይ ተቀመጥን። እኔም ቤቴ መሄድ አልቻልኩም። ዑስማን ቴምሩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል፣ የፈላው ወተት ከጎኑ ነው። አዛን ሲል ቴምሩን ትቶ ሲኒውን አነሣ። ቀኑን ሙሉ ውሃ ያልነካ አፍ እንደዚያ ቀን ሲሠራ አይቼ አላውቅም። በአፉ አመላለሰው፣ ዋጠው፣ ዓይኑን ጨፈነ።

"ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል" አለ።

ኣደይ ለተብርሃን ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አወጣችው። ፋጉሎና ፍሩሽካ ስለተወደደባት ከገበያ የተጣለ የሽንኩርት ቅጠል እየለቀመች ላሟን ታበላ ነበር። "ሌላ ምን ላብላት?" አለች።

"ኣጆኺ፣ አይዞሽ፣ አብያት" አላት። "ግን ጠዋት ካለብሽ በኋላ እንጂ ከማለብሽ በፊት አይሆንም። ማታ እስክታልቢ ሽታው ከላሟ ይወጣል። ወተትሽ ጤነኛ ነው።" ከዚያ ቴምሩን ጎርሶ ወደ እኔ ዞረ። "ሓፍተይ፣ እህቴ ጽጌ፣ እንዲህ ያለ ቀን ጾሜ በሽንኩርት አፈጠርኩ!"

በሳምንቱ የሻይ ቤቱ ሰውዬ አቤቱታውን ተወ። ላሟም አልተሸጠች።

ከዚያ በኋላ ረጅም ዘመን አብረን ሠራን። ጸጉራችን አብሮ ሸበተ። የትግራዩ ጦርነት ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ዑስማን ሚስቱን ሊያሳክም አዲስ አበባ ሄደ። "ወር ሳልሞላ እመጣለሁ፣ ላክቶሜትሬን ማንም እንዳይነካው" ብሎኝ ነበር። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ጠፋ። መሰብሰቢያው ባዶ ቤት ሆነ። ላክቶሜትሩንም ማን እንደወሰደው አላውቅም። ስልክ የተመለሰ ዕለት ድምፁን ስሰማ አለቀስኩ። እሱ ግን የጠየቀኝ፣ "የኣደይ ለተብርሃን ላም አለች?" ብሎ ነበር። ያቺ ላም እንኳ ከሞተች ቆይታለች፤ ከዘሯ የሆነች አንዲት ጊደር ግን ተርፋ ነበር።

እሱ እዚያው ልጁ ቤት ቀረ፣ እኔም ጡረታ ወጣሁ። አሁን መሰብሰቢያው ተከፍቶ አዲስ መሣሪያ ገብቶለታል። ትንሽ ወተት ሲሰጡት ስቡንም ውሃውንም በወረቀት አትሞ ያወጣል። ጥሩ መሣሪያ ነው፣ አልነቅፈውም። ሆኖም በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ የሚፈልገው ያን ትንሽ ድስት ነው። "ምን ምን ይላል?" የሚለኝ ሰው ናፈቀኝ። ባሌ ጥሩ ሰው ነው፤ ወጥ ስሰጠው "ይጣፍጣል" ብሎ ይጨርሰዋል።

ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች ዞረው እንደገና ገጠሙ። ዒድ በዋለ ማግስት ዑስማን ደወለ።

"ሓፍተይ ጽጌ፣ አፌ ሞተ" አለኝ።

ክረምት ላይ ታሞ ሲነሣ ጣዕምም ሽታም አጥቶ ኖሯል። ሳይነግረኝ ከርሟል። "ረመዳኑን ሙሉ በቴምር አፈጠርኩ፣ ቴምር መሆኑን የማውቀው ፍሬው ጥርሴን ሲነካኝ ነው" አለ።

"መቐለ ና" አልኩት።

"መጥቼ ምን ልሠራ? አፍ የሌለው ተቆጣጣሪ!"

"ያን ሁሉ ዘመን አንተ ቀመስክልኝ። አሁን እኔ እቀምስልሃለሁ።"

ቀስ ብሎ፣ "እሺ፣ የኣደይ ለተብርሃን ወተት ምን ምን ይላል?" አለኝ።

"ጾም ነው እኮ" አልኩት። እንደ ድሮው ከት ብሎ ሳቀ። "እናንተ የምትበሉት መቼ ነው?"

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ኣደይ ለተብርሃን ቤት ሄድኩ። ጊደሯ ወልዳ ትታለባለች። ኣደይ አርጅታለች፣ የምታልበው ልጇ ናት። ወተቱን አፈላን፣ ቀዝቀዝ አደረግነው። ደወልኩለትና ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።

ቀመስኩ።

"ምን ምን ይላል?" አለ።

"መጀመሪያ ወይራ ይላል፣ ግን ስስ ነው። ከዚያ ሣር ሣር ይላል፣ የደረቀ ሳይሆን እርጥብ ሣር። ወፍራም ነው፣ ምላስ ላይ ይቀመጣል። ከዋጥኩት በኋላ ትንሽ ጣፈጥ ይላል።"

የዑስማን ትንፋሽ በስልኩ ይሰማኛል። እንደዚያ ቀን ዓይኑን እንደጨፈነ አውቃለሁ።

"ሽንኩርትስ?" አለ።

ከእኔ በፊት ኣደይ ለተብርሃን ከመደቡ ላይ ጮኸች። "ከታለበች በኋላ ነው የምሰጣት! አሁንም ከታለበች በኋላ ነው!"

ሦስታችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ የዑስማን ድምፅ ሰለለ።

"ይለፍ" አለ።

አሁን እሁድ እሁድ ይደውላል። መቼ እንደሚመጣ አይነግረኝም፣ እኔም አልጠይቀውም። ሲኒዬን ይዤ እጠብቀዋለሁ።

እናንተ መሰብሰቢያው ላይ ያላችሁ ተተኪዎቼ፣ መሣሪያችሁን እመኑ። ግን ወተት ብቻችሁን አትመርምሩ፤ እናንተ መቅመስ በማትችሉበት ቀን የሚቀምስላችሁ ሰው ያስፈልጋችኋል።