የሞጣው መጥሪያ

ባለፈው ሳምንት ሁለት ጎረቤቶቼ በድንበር ተጣልተው በምስክርነት ተጠራሁ። ቃሌን የሚቀበለው ወጣት መርማሪ እስክሪብቶውን ከፍቶ «ሙሉ ስም እስከ አያት» አለኝ። ይህን ጥያቄ እኔ ራሴ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ሆኖም የአያቴ ስም ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ልጁ የጡረተኛው ጆሮ ደክሟል ብሎ መሰለኝ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመልኝ።

ነገሩ የድሮ ነው፤ ያኔ የፖሊስ ኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ለተግባር ልምምድ የደረሰኝ ሞጣ ነው። መስከረም ነበር፤ ከቢቸና የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ከጉንደ ወይን ወዲያ ሁለት ጊዜ ጭቃ ይዞት፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ እየገፋ ደረስን። ለአለቆቼ ብዬ ያስወለወልኩት ጫማ ጫማነቱም አይታወቅ ነበር።

የተመደብኩት ከአንድ ሸምገል ያሉ አስር አለቃ ጋር ነው። በሦስተኛው ቀን በበሬ ስርቆት ጉዳይ ገጠር ላሉ አንድ ምስክር መጥሪያ እንድናደርስ ታዘዝን፤ እሳቸውን ግን ጉልበታቸው አላስኬድ አላቸው።

«ብቻህን ትሄዳለህ» አሉኝ። «ስምህን ከጠየቁህ ከአባትህ በላይ አትውጣ። ይሄ አገር ደም አለበት።»

ሰማሁ እንጂ ልብ አላልኩም። በእኛ አገር ሽማግሌ «የማን ልጅ ነህ?» ሲል አባቱ ላይ የሚያቆም ጎረምሳ ዘር እንደሌለው ይቆጠራል። ደም እንደሆነ እኛም ቤት ነበር። የአጎቴ ልጅ አያ ምናለ ገበያ ላይ ሰው ገድሎ ዓባይ በረሃ ከገባ ሦስት ዓመቱ ነበር። የሟች ወገኖች «ሞጣ በኩል» መሆናቸውን እንጂ ቤታቸውን አላውቅም ነበር። ሞጣ በኩል ደግሞ ሰፊ አገር ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሳሩ እስከ ጉልበቴ እያራሰኝ፣ ከየማሳው ጥግ የባቄላ እሸት እየቀጠፍኩ ሦስት ሰዓት ያህል ተጓዝኩ። ምስክሩ ደግ ሽማግሌ ነበሩ። መጥሪያውን ሳነብላቸው አዳምጠው አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት። ባለቤታቸው እንጀራ በሽሮ አቀረቡልኝ። ለአቅመ አዳም የደረሰ ልጃቸው በር አጠገብ ተቀምጦ ጠመንጃውን በጨርቅ ይወለውላል።

«ጨዋ ልጅ ትመስላለህ» አሉ ሽማግሌው። «የማን ልጅ ነህ?»

ደረቴን ነፋሁ። «ጥላሁን አለነ ነኝ። አለነ ወርቁ፣ ወርቁ ተገኘ…»

«ቆይ። የቱ ወርቁ? የቢቸናው? የምናለ አያት?»

ምነው ምላሴን በቆረጠው! አፌ ባይመልስም ፊቴ መለሰላቸው። ልጃቸው ተነሥቶ ጠመንጃውን እንደያዘ በሩን ሞላው፤ ቤቱ ጨለመ። ፈራሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። በቃሌ የሸመደድኩት የወንጀል ሕግ አንድም አንቀጽ አልመጣልኝም፤ የመጣችልኝ መርዶዬን የምትሰማው እናቴ ናት።

ሴትዮዋ ፊት ለፊቴ ቁጭ አሉ።

«ልጄን የገደለው የት ነው ያለ?»

አውቅ ነበር። ከወር በፊት በሶ በአህያ ጭኜ፣ ከጉንደ ወይን በታች ገደሉን ወርጄ፣ ከተደበቀበት ዋሻ ድረስ ያደረስኩለት እኔ ነኝ። ፖሊስ ለመሆን የምማረው እኔ።

«አላውቅም፣ እናቴ» አልኩ።

ብዙ አዩኝ። ከዚያ እንጀራውን ጠቅልለው ወደ አፌ አስጠጉ።

«እውነትህን ከሆነ ዋጠው።»

አፌ ደርቆ ነበር። ሁለት ጊዜ አነቀኝ። ዋጥኩት። ልጃቸው ይህን አይቶ ከበሩ ዘወር አለና ጠመንጃውን ሰቀለ፤ እናቱ በእጃቸው ያጎረሱትን ሰው መንካት ነውር ነውና።

ሽማግሌው እስከ ወንዙ ሸኙኝ። ዳር ላይ ቆሙ።

«እስከዚህ ያደረሰህ እህሌ ነው። ከዚህ ወዲያ ሕግህ ያድርስህ» ብለው ተመለሱ።

እስከ ሞጣ ድረስ በየቁጥቋጦው አፈሙዝ እየታየኝ፣ እየሮጥኩም እየተደናቀፍኩም ገባሁ። አስር አለቃው የጣቱን አሻራ አይተው «ጎበዝ» አሉኝ። ስለ ቀረው ምንም አልነገርኳቸውም።

ተመርቄ ፖሊስ ሆንኩ። አያ ምናለን ሕግ ሳያገኘው በረሃ ላይ ወባ ገደለው፤ ያን ጊዜ እኔ ደሞዝተኛ ፖሊስ ነበርኩ፣ ያለበትንም አሳምሬ አውቅ ነበር። ባልደረቦቼ ልበ ቡቡ ነው ይሉኝ ነበር፤ ምስክር «ፈርቼ ነው የዋሸሁት» ሲለኝ ተቆጥቼ ስለማላውቅ ነው። ምን ብዬ ልቆጣ?

ያን ወንዝ በኋላ ሽጉጥ ታጥቄ፣ ማዕረግ ለጥፌ፣ ሰው አስከትዬ ደጋግሜ ተሻግሬዋለሁ። ወደዚያ ቤት ግን አልታጠፍኩም። ሴትዮዋ በሕይወት እንዳሉ ባለፈው ከሞጣ የመጣ ነጋዴ ነግሮኛል፤ ዓይናቸው ጠፍቷል አሉ። ዛሬ ጠመንጃ የሚደግንብኝ የለም፤ ደሙም በሽማግሌ ደርቋል። ሄጄ «አውቅ ነበር» ብላቸው የሚነካኝ የለም። እፈራለሁ።